ሀይደር ጓሮ የሚሠራው ሳጥን

ልጄ ሀሲና፣ አላህ ይጠብቅሽ፤ በሰው አገር ክፉ አይንካሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እዚህ ሰፈራችን ጅግጅጋ ያር ውስጥ ጦርነት ያፈረሰው ቤት ሁሉ እየተሠራ፣ አቧራው መውጫ አሳጥቶናል።

ሊያገባሽ ሽማግሌ የላከው ተከራያችን ሀይደር፣ አሁን ደግሞ ጓሮ ውስጥ እንደ መስታወት የሚያሳይ አክሪሊክ የሚሉት ፕላስቲክ እየቆረጠ ሳጥን ይሠራል። ከበርበራ የባሕር ውሃ አስመጥቼ ባሕር ውስጥ የሚገኘውን ኮራል አሳድግበታለሁ ይላል። ኮራል ድንጋይ አይደል እንዴ? ድንጋይ የሚያሳድግ አማች ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ኮንትሮባንድ ይሆናል ብዬ ክፍሉን ልጥረግልህ ብዬው አልጋው ሥር ሳይቀር አየሁ። ምንም የለም።

ትናንት ከአህያ ጋሪ የገዛውን ውሃ ሞላበት። ያፈስ እንደሆነ ለማየት ነው አለ። አፈሰሰ። ሌላው ቢሆን የሚያፈሰውን ጎን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዝም ይል ነበር። እሱ ግን እኔኑ ጠርቶ፣ «እትዬ ጣይባ፣ እዚህ ጋ ተበላሽቶብኛል» ብሎ አሳየኝና መገጣጠሚያውን ነቀለው።

አሁንም አላመንኩትም። እምቢ ልላቸው ያሰብኳቸውን ሽማግሌዎች ግን ትንሽ ጠብቁ አልኳቸው።

አላህ ኸይሩን ይምረጥልሽ፣ ሶላትሽን አትተዪ። አደራ፣ ያ ድንጋይ በእውነት ያድግ እንደሆነ እዚያ የሚያውቅ ሰው ጠይቂልኝ። እሱ የሚያድገው በዓመት የጥፍር ያህል ነው ይላል። ይህን የሚታገሥ ወንድ እኔ አይቼ አላውቅም።

እናትሽ ጣይባ