የኤሲውን ላስቲክ ላጥኩት

መይሙናዬ፣ የአላህ ሰላም ባለሽበት ይድረስሽ።

ሰባ ስድስት ዓመት ሆነኝ። አሁንም መስጂድ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ፣ ካልሲዬን ራሴ አጥባለሁ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በለቀምኳት ፊደል ይኸው ደብዳቤም እጽፋለሁ። መስመሩ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ። ከተለየሽኝ አሥራ አንድ ወር ሆነ።

ሚኤሶ ዘንድሮ እሳት ናት። ዝናቡ ቀረ፤ የከባድ መኪናው አቧራ በበሩ ሥር ሾልኮ ይገባል። ልጃችን ጅብሪል ከድሬዳዋ ያመጣልን ኤሲ ባይኖር አልችለውም ነበር። ታስታውሻለሽ፣ በየሁለት ሳምንቱ ክዳኑን ከፍተሽ ያቺን አቧራ የምትይዘውን ወንፊት መሳይ ነገር በሳሙና ታጥቢያት ነበር። ሾፌሮቹ ፊልትሮ ይሏታል። እኔ ወንበሩን ይዤ "ትወድቂያለሽ" እያልኩ ከመቆጣት በቀር ነክቻት አላውቅም። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ራሴ አጠብኳት። አጥር ላይ ባሰጣት የጎረቤት ፍየል በላቻት። ዕድሜ ልኬን ፍየል ስነግድ ኖሬ በስተርጅና ፍየል አሞኘችኝ።

ጅብሪል አዲስ በሾፌር እጅ ላከልኝ። ልግጠምልህ ያለኝን ጎረቤት "እጄ አልደረቀም" ብዬ መለስኩት። ገጠምኳት፤ ግን ከነላስቲኳ። ምን ላድርግ? በዚህ ቤት የአዲስ ዕቃ ላስቲክ ተልጦ ያውቃል? ሪሞቱ ዛሬም ከነላስቲኩ ነው፣ ሶፋውም እንደዚያው። የፍራሹን ላስቲክ የቀደድኩ ጊዜ ሁለት ቀን አኩርፈሽኛል። ያንን ሳስብ እጄ እምቢ አለኝ።

ኤሲው ታፈነ። ያጓራል እንጂ አይነፍስም፤ ጭራሽ ውሃ ያንጠባጥብ ጀመር። ስምንት ቀን በላብ ተጠምቄ ተኛሁ፣ ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ፎዚያችን ጭሮ ከምትሠራበት ጤና ጣቢያ ፈቃድ ወስዳ መጣች። ፊቴን እንዳየች ጫማዋን ሳታወልቅ ደም ግፊቴን ለካች።

"አባ፣ በቃ! ነገ ከእኔ ጋር ጭሮ ትሄዳለህ። ቤቱ ይከራያል" አለችኝ።

ጭሮ ነፋሻ ናት፣ አልዋሽም። ግን አንቺ ያቆምሽውን ቤት ማን ይግባበት? ኤሲው አርጅቶ ነው ብዬ ዋሸኋት። "ያረጀው እሱ ነው ወይስ አንተ?" አለችኝ። ምላሷ አንቺን ነው የወጣው።

እሷ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ስታጥፍ እኔ ወንበር ላይ ወጣሁ። ክዳኑን ብከፍት ላስቲኩ ወደ ውስጥ ተስቦ ጥብቅ ብሏል። ያኔ ገባኝ። ትንፋሹን የዘጋሁበት እኔው ነኝ። ስምሽን ጠርቼ፣ ፈቃድሽን ጠይቄ ላጥኩት። ቀዝቃዛው አየር ፊቴን መታኝ። ፎዚያ ላስቲኩን እጄ ላይ ስታይ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። አንቺ ከሞትሽ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም። ሲመሽ ደም ግፊቴን ደግማ ለካች፣ ልብሴን ከሻንጣው እያወጣች ወደ ቁምሳጥኑ መለሰችው። በማግስቱ ብቻዋን ተሳፈረች።

እና እዚሁ ነኝ መይሙና። አልረሳሽም፣ ትንፋሼ እስካለ። ያንቺን ዕዳ ልጆቹ እኛ እንክፈል ይላሉ፤ እኔ እያለሁ ማንም አይነካውም። በሕመምሽ ጊዜ ያፈጠርሽውን፣ ሳትፆሚ የቀረሽውን የስድስት ቀን ፆም እኔ እፆምልሻለሁ፤ ሰኞና ሐሙስ እያልኩ ሦስቱን ጨርሻለሁ። ቦኬ ላለችው እህትሽ እመጣለሁ ብለሽ ያልሄድሽውን እኔ እሄድልሻለሁ። የራሴም አለብኝ። ነፍስሽ ስትወጣ እኔ ቦርደዴ ገበያ ነበርኩ፤ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ሳልልሽ ቀረሁ። እሱን በየጁምዓው መቃብርሽ አጠገብ ቆሜ እልሻለሁ።