በበዓል ቀን የነፈሰው ነፋስ

ይድረስ ለልጄ ለደምለው ገብረ ክርስቶስ፣ ባሕር ማዶ፣ ምሥራቅ ጀርመን።

ልጄ ደምለው፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? በዚያ በረዶ አገር ደረትህን ትሸፍናለህ ወይ? የምትበላው እህል ይስማማሃል? እኔ አባትህ ከጉልበቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከብቱም ደኅና ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው። እኅትህ ባንቺዓለም እኔ ልጻፍልዎ ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኋት። ፊደሌ ቢንጋደድም የራሴ ነው። ደግሞም የምነግርህ ነገር በሰው እጅ የሚጻፍ አይደለም።

የሁለት ዓመት ነፋስ መዝግቤ በመስከረም ልኬልህ የመለስኸው ደብተር በጥር ደረሰኝ። ጎረቤታችን ሙሐመድጣሂር ከሞጣ ፖስታ ቤት አውጥቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ስገልጠው ባዶ የተውኋቸው ቀኖች ሁሉ በቀይ ተከበዋል። አስተማሪህ ነፋስ እሑድ አያርፍም፣ ሲሶው የጎደለ መዝገብ አልቀበልም ብሎሃል። ስለዚህ ጥናትህን በሌላ አገር ነፋስ ልትጨርስና እዚያው ሥራ ይዘህ ልትቀር እንደሆነ ጻፍህልኝ። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። በአራተኛው ጊዜ ዓይኔ አላይ አለኝ።

በሰባ አምስት ክረምት መጥተህ ጉብታው ላይ እንጨቱን ስትተክል የነገርኸኝን አልረሳሁም። ነዳጅ ከመሬት እየተቀዳ አንድ ቀን ያልቃል፣ ያን ጊዜ ዓለም ሁሉ ከነፋስ፣ ከፀሐይና ከሚወድቅ ውሃ መብራት ያበራል፣ የእኛም ጉብታ ተራ ይደርሰዋል አልኸኝ። ነፋሱ ግን አስቀድሞ ሁለት ዓመት ይታወቅ አልህ። በእንጨቱ ላይ ያንጠለጠልኸው ቆርቆሮ በነፋሱ ተገፍቶ ከሰባቱ የቀለም ምልክት የትኛው ላይ እንደደረሰ፣ ጧት፣ ቀትርና ማታ እያየሁ እንድጽፍ አዘዝኸኝ። ጻፍሁ። በዝናብም ጻፍሁ፣ ወባ ይዞኝም ጻፍሁ።

በዓል ግን በዓል ነው። እሑድን፣ ሚካኤልን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን፣ መድኃኔዓለምን፣ ሌላውንም ታላቅ በዓል ሁሉ ብዕር አልነካሁም። ዕርፍ በማልጨብጥበት ቀን ብዕር የምጨብጥበት ምክንያት አልታየኝም። እናትህ ፈንታነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "አንተ ሰው፣ ማየት ምን ሥራ አለበት? እኔ ወጥቼ ልይልህና በማግሥቱ ጻፈው" አለችኝ። ያንቺ ዓይን በዓል አያከብርም ወይ ብዬ ዝም አሰኘኋት። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሣችውም። እኔም የረታሁ መሰለኝ።

ከሞተች ወዲህ እጄ አልደፍር ብሎ የቆየውን ሣጥኗን በየካቲት ከፈትሁት፤ ልብሷን ለድሆች ላካፍል ብዬ ነው። ከሥሩ አንድ ሙዳይ አገኘሁ። ውስጡ ረጅም ገመድ አለ፤ በገመዱ ላይ ብዙ አጫጭር የጥጥ ፈትል ተሰክቷል፤ በየፈትሉም ላይ ሦስት ቦታ ተለያይቶ የተቋጠረ ቋጠሮ አለ። የስግደቷን ቁጥር የያዘችበት መሰለኝ። ባንቺዓለም ግን ስታየው መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እናቷ አስምላት ነበርና እስከዚያ ቀን ትንፍሽ አላለችም።

ለካ እናትህ በየበዓሉ ጧት ጥጃዋን ልይ ብላኝ ስትወጣ፣ የምትወጣው ወደ ጉብታው ኖሯል። ቀትርም ትመለሳለች፣ ማታም ትመለሳለች። ቆርቆሮው አራት ላይ ከደረሰ አራት ትቋጥራለች፣ ሁለት ላይ ከደረሰ ሁለት። በክረምቱ ጉም ስትመላለስ ነው ያ ሳል ደረቷን የያዘው። እኔ ደግሞ ቤት እያለሽ በብርድ ምን ያሯሩጥሻል እያልሁ እቆጣት ነበር። ልጄ፣ ሰው ሁሉ በሽታ ነው የገደላት ይላል። እኔ የማውቀውን አውቃለሁ።

አባ ወልደ ኪዳንን አስጠርቼ ክሩንና ደብተሩን ፊታቸው አስቀመጥሁ። በዓላቱን እያሰሉ ሦስት ቀን ቆጠርን። እስካለፈው ሐምሌ አሥራ ሰባት ድረስ ሁለት መቶ ሃያ ስድስት ባዶ ቀን፣ ሁለት መቶ ሃያ ስድስት ክር። ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው፣ አባ፣ በበዓል ማየት ኃጢአት ነበር ወይ አልሁ። "እኔም በበዓል ሰማይ ሰማዩን አያለሁ፣ ገብሬ። ልትከለክለኝ ነው?" አሉኝ። ሊያስቁኝ ፈልገው ነው። አልሳቅሁም።

አሁን ከሞጣ እስከ ቢቸና ያለው ወፍጮ ናፍጣ አጥቶ ቆሟል። ላምባ በወር አንድ ጠርሙስ ነው፤ እሱም ከተገኘ። ዛፍ የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ብቻ ሆኖ ሴቶቹ ለማገዶ ገደል ይወርዳሉ። ዓለም አንተ እንዳልኸው ወደ ነፋስና ወደ ፀሐይ የሚዞር ከሆነ፣ ሲዞር እኛን ዘሎን እንዳይሄድ። መሬቱም ትርፍ ቤቱም ተወርሷል፤ ነፋሱን ግን እስካሁን የወረሰው የለም።

ና አልልህም። ለምኜ አላውቅም፤ በዚህ ዕድሜዬም አልጀምርም። ደብተሩን ግን መልሼ ልኬልሃለሁ። የናትህን ቋጠሮ አንድ በአንድ እየቆጠርሁ ባዶውን ሁሉ በእጄ ሞልቼዋለሁ። ክሩን አልላክሁትም፤ እሱ ከእኔ ጋር ይቀመጣል። ለአስተማሪህ አሳየው፣ ይህ የአገሬ ነፋስ ነው፣ አሁን ሙሉ ነው በለው። ከሐምሌ አሥራ ስምንት እስከ ጳጉሜ ያሉት በዓላት ግን እንዳሉ ባዶ ናቸው። እነሱን በቀይ የከበበ እንደሆነ፣ መዝጋቢዋ ሞታ ነው በለው።

ባንቺዓለም ከነልጆቿ ጉንጭህን ትስማለች። አባ ወልደ ኪዳን በጸሎት ያስቡሃል። ሙሐመድጣሂርና ባለቤቱ ጦይባ በጣም ናፍቀውሃል። እዚያ አለች ያልኸኝንም ልጅ፣ ባላውቃትም፣ አባቴ ደኅና ነሽ ወይ ብሎሻል በልልኝ። እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርህ።

አባትህ ገብረ ክርስቶስ
ሞጣ፣ መጋቢት 15 ቀን 1978 ዓ.ም.