ባለበት የሚጥለው ጠመንጃ

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2018

ዛሬ የሥራ ባልደረባዬ ፒተር ለአጋዘን አደን የሚሆን ጠመንጃ ሊያስመርጠኝ ሱቅ ወሰደኝ። ባሩዱም አረሩም በአፈሙዙ የሚጎረስ ዓይነት ነው፤ አንዴ ከተተኮሰ እንደገና እስኪጎርስ አጋዘኑ አገር አቋርጧል። ሻጩ ከሃያ እርምጃ እንደምተኩስ ስነግረው ወፍራም አረር የሚጎርሰውን አነሳ። «ይሄ ባለበት ይጥለዋል፤ ሳይሰማው ይሞታል» አለኝ።

እኔ ግን የባለቤቴ የአልማዝ ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር። ትናንት «ነፍሱ ሳትወጣ በስመ አብ ብለህ ካላረድከው በክት ነው፤ ቤቴ አይገባም» ብላኛለች። ስለዚህ «ትንሽ ቆይቶ የሚሞትበትስ የለም?» ብዬ ጠየቅሁ። ሻጩ አፍጥጦ አየኝ። ፒተር እንደማያውቀኝ ሆነ። ምን ዓይነት ጨካኝ መሰልኳቸው! ግን እውነት የቱን ልግዛ? ደካማው እንስሳውን ያሰቃያል፣ ኃይለኛው በክት ያደርገዋል። ባዶ እጄን ወጣሁ።

ሜልቦርን ዳር፣ ዋይንድሃም ቬል ያለው ቤቴ እንደገባሁ ኖርዝ ሜልቦርን ላሉት ለአልማዝ አባት፣ ለጋሼ ተሰማ ደወልኩ። አገር ቤት አዳኝ ነበሩ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ «አንቱስ እንዴት ያደርጉ ነበር?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ስንደርስ ሁሌም ሞቶ ነበር የምናገኘው። ቢላ እናስነካውና ለቤት ‹ሲንፈራገጥ ደረስንበት› እንል ነበር።»

አልማዝ አጠገቤ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ እጇ ቆመ።

ጠመንጃውን አሁንም አልመረጥኩም። ለካ እሷም ያንን ሥጋ በልታ ነው ያደገችው።