በእኔ ልክ የተቆረጠ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ከሆስፒታሉ ኮሪደር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ

ይድረስ ማህፀኔን ለከፈትሽው፣ ለበኩሬ፤

እንዴት ነሽልኝ የኔ ዓለም? ያ ጉሮሮሽ ዳነ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይቆጣል። ስፌት ቤቱን ሦስት ቀን ዘግቻለሁ። ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው "የሞተ ሰው አለ እንዴ?" እያለ በሩን ሲያንኳኳ ሰነበተ አሉ። አፉ እንደ ወስፌው ነው፣ ታውቂው የለ።

ስትደውይ ያላነሳሁት ድምፄን እንዳትሰሚው ብዬ ነው። ወረቀት ይሻለኛል፤ ወረቀት ላይ ሲለቀስ አይሰማም።

ወንድምሽ ሆስፒታል ተኝቷል። አትደንግጪ፣ በሕይወት አለ፤ ይናገራል። ቅዳሜ ጠዋት ሸሚዙን ለመቆለፍ ሲታገል እጁ እየተንቀጠቀጠ ወለሉ ላይ ተዘረረ። ያነሱት ሰዎች "ጠጥቶ ነው" አሉ። አልጠጣም። አርባ አንድ ቀን ሙሉ ጠብታ አልቀመሰም። የጣለው መድኃኒቱ ነው። ከሥሩ ልንገርሽ።

ድብርቱም መጠጡም በርትተውበት፣ ሦስት ዓይነት ኪኒን ተሞክሮ አንዱም አልሆን ሲል፣ ዶክተሯ የምራቅ ምርመራ አለ አለችን። ዘረመል የሚሉት ከምራቁ ይነበባል፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማው፣ ሰውነቱ ቶሎ ያቃጥለው ወይ ያጠራቅመው እንደሆነ ይለያል። "እንደ እርስዎ ሥራ ነው እትዬ" አለችኝ። "እስከ ዛሬ የተሰፋ ገዝተን ነበር የምናለብሰው፣ አሁን ልኩን እንወስዳለን።" ደስ አለኝ። የሚገባኝ ቋንቋ ነዋ።

የምራቅ መቀበያዋን ብልቃጥ ይዤ ቤት ገባሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኝቷል።

"ትንሽ ትፋበት ልጄ።"

"ምራቄንም ልትወስዱት ነው? ሌላ ምን ቀረኝ?"

ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፤ ግድግዳውን እንደማናገር ነው። ብልቃጧ በማግስቱ ጠዋት ካልሄደች ደግሞ ወር መጠበቅ ሊመጣ ነው። እና ልጄ፣ እኔ ተፋሁባት። ዘጠኝ ወር በአንድ ገላ ነው የኖርነው፣ ከእኔ አይደል የወጣው፣ ምን ልዩነት አለው ብዬ። ለእሱ "ሰክረህ ሳለ ወሰድኩልህ፣ አታስታውሰውም" አልኩት። የማያስታውሰው ብዙ ነውና አመነኝ። እዚህ ላይ ነው እጄ የሚቆምብኝ።

ውጤቱ መጣ፤ ከላይ ስሙ ተጽፎበት፣ መድኃኒቶቹ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ተደርድረው። እንዴት እንደተለወጠ ባየሽው። ወረቀቱን በላስቲክ ሸፍኖ ኪሱ ከተተው። "ሰነፍ ሆኜ አይደለም እማ፣ መድኃኒቱ ነበር የማይሆነኝ" አለኝ። ለጫማ ሰፊው ሳይቀር አሳየው። ያ ቀልደኛ "ሚስቴ የምትጠላኝ በዘሬ እንደሆነ ለእኔም ይመርመርልኝ" ሲለው ወንድምሽ ሳቀ። ሳቁን ከሰማን ስንት ዓመታችን ነው? ያን ሳቅ እንዴት ላፍርሰው? ዝም አልኩ።

ወረቀቱ ሰውነቱ ቶሎ ያቃጥላል ስላለ ዶክተሯ መጠኑን ጨመረች፣ ደግማም ጨመረች። ቶሎ የሚያቃጥለው ለካ የእኔ ሰውነት ነው። የእሱ ሲያጠራቅም ኖሯል። ሠላሳ ዓመት ስሰፋ የአንዱን ልክ ይዤ ለሌላው ቆርጬ አላውቅም።

ቅዳሜውኑ ለዶክተሯ ተናገርኩ። አልጮኸችብኝም፤ ብዕሯን አስቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ መድኃኒቱን አስቆመች። አሁን ከራሱ አፍ ምራቅ ያስፈልጋል፤ እሱ ግን እንቢ አለ። ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? "በስሜ የመጣው መድኃኒት እንኳ ካልሠራ፣ የተበላሸሁት እኔው ነኝ። ተዉኝ በቃ።" ትናንት ነርሷ ቀበቶውንና ምላጩን ከመሳቢያው አንስታ ወሰደች። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም።

ዶክተሯ "ወይ እርስዎ ይንገሩት፣ ወይ እኔ" ብላኛለች። እኔው እነግረዋለሁ አልኳት። ይኸው ሦስት ቀን ሆነ። በገባሁ ቁጥር ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ድመት አወራለሁ። ዛሬ ጠዋት "እማ፣ ወሬሽ በዛ" አለኝ። ብነግረው እኔን ይጠላል፤ ባልነግረው ራሱን እንደጠላ ይቀራል። ለአንቺ እስክጽፈው ድረስ ነገሩ እንዲህ አጭር መሆኑን አላወቅኩም ነበር።

አዲሷ ብልቃጥ ቦርሳዬ ውስጥ ናት። ይህን እንዳሸግኩ አልጋው ጠርዝ ላይ ሄጄ እቀመጣለሁ። "ያ ወረቀት የእኔ ነው ልጄ፤ ያንተን ገና ማንም አላነበበውም" እለዋለሁ። ስትደውይለት ጥብቅና አትቁሚልኝ፤ የፈለገውን ይበለኝ።

የምትረግጪው መሬት ይለስልስልሽ። ከአፍሽ የሚወጣው እውነት ያስከብርሽ እንጂ አያስፈራሽ።

ፊቴ ላይ መትፋት ቢያምረውም ብልቃጧን ከፍቼ እጠብቃለሁ።

እናትሽ፣ ልብስ ሰፊዋ