እማዬ ያልፈረመችው ቅጽ

ለምወድሽ እህቴ ለማስተዋል፣

ባሕር ዳር እንዴት ይዞሻል? እኛ በመድኃኔዓለም ቸርነት ካንቺ ናፍቆት በቀር ደኅና ነን። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል። ላሟም ወልዳለች፤ ጥጃዋ ዳለቻ ናት አሉ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ተጀምሯል። መምህር ሚሊዮን ፈተናው በትልልቅ ፊደል እንዲታተምልኝ፣ ሰዓትም እንዲጨመርልኝ የሚጠይቅ ቅጽ ሰጥተውኛል። ወላጅ ካልፈረመበት ግን አይቀበሉትም። እማዬ «ማየት የተሳናት» የሚለው ሲነበብላት ተቆጣች። «ለእመቤቴ ተስዬ፣ ጠበሉን እንኳ ሳንጨርስ፣ ልጄ አታይም ብዬ ልፈርም?» አለች። ጎረቤት ሲጠይቃት «ተሽሏታል» ትላለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ «አዎ» እላለሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ቅጹ የሚመለሰው ዓርብ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ እማዬ ከጎኔ አትጠፋም፤ ስለዚህ ይህን በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ ላክሁልሽ። እባክሽ ደውለሽ ለምኚያት። እኔ እንደነገርሁሽ ግን አትንገሪያት።

እመቤታችን በጤና ታገናኘን። ለእኔ ስትጽፊ ፊደሉን ትልልቅ አድርጊው፤ ካለፈው ደብዳቤሽም ይበልጥ።

ታናሽሽ የትናየት
ከመካነ ኢየሱስ