«ክትትል ያቋረጡ» ስለተባሉት ስምንት ሴቶች

ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቢቸና። ሞጣ ውስጥ ሰባት ሴቶች በማኅፀን በራቸው ላይ የካንሰር መነሻ እንዳለ አያውቁም፤ እኔ ካወቅሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ።

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ጤናዎ እንዴት ከርሟል? የኮሚቴው አባላትስ? ስብሰባ ያደክማልና ወንበሩ እንዲመቻችሁ እመኛለሁ። እኔ የምደክመው ስንት ሰው እንደጠቀሰኝ በመቁጠር ብቻ ስለሆነ ደህና ነኝ።

በቅድሚያ ስድሳ አንዱን ጽሑፎቼን ቆጥራችሁ፣ አንዱንም ሳታነቡ፣ ለሙሉ ፕሮፌሰርነት ይበቃል ስላላችሁኝ ላቅ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ፤ እኔም ስጽፋቸው ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። 412 ጊዜ መጠቀሴን ስላደነቃችሁም አመሰግናለሁ፤ መቶ ያህሉን የጠቀስኩት ራሴ መሆኔን ከትሕትና የተነሳ ሳልነግራችሁ ቆይቻለሁ። የቀረኝ አንድ ወረቀት ነው ብላችሁኛል፦ ጥናቴ ኅብረተሰቡን ስለመጥቀሙ ከአካባቢው የተጻፈ፣ ማኅተም ያረፈበት ምስክርነት። ቢቸና የመጣሁት እሱን ፍለጋ ነው። ቅሬታዬም ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛው በራሴ ላይ ነው። ከአራት ዓመት በፊት በቢቸናና በሞጣ 240 ሴቶችን ስመዘግብ፣ ሴት የሚበዛበት ቦታ ነው ብዬ በማርያም ዕለት በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ጠረጴዛ ዘረጋሁ። ናሙናው በማግስቱ፣ በሰጠኋቸው ካርድ ቁጥር ብቻ፣ በጤና ጣቢያ ተወሰደ። ስም ስጠይቅ የክርስትና ስማቸውን ነገሩኝ፤ በደጀ ሰላም ወረቀት ይዞ ስም የሚጠይቅ ሰው ለጸሎት እንጂ ለላቦራቶሪ ነው ብሎ ማን ይገምታል? የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ያንን ስም ጎረቤት እንኳ እንደማያውቀው አውቃለሁ። አውቄም «ወለተ ማርያም» ብዬ ሰላሳ አንድ ጊዜ ጻፍኩ። ስልክና ቀበሌ አልጠየቅሁም፤ ጽሑፌን የሚያወጣው መጽሔት አይፈልገውማ።

ሁለተኛ፣ ውጤቱ ከዓመት በኋላ ሲመጣ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። አሥራ አንዱ በደጀ ሰላም ሳያልፉ በቀጥታ ጤና ጣቢያ መጥተው በመጠሪያ ስማቸው የተመዘገቡ ነበሩ፤ አብዛኞቹ የሞጣ ሙስሊም እናቶች ናቸው። በሳምንት ውስጥ ተገኝተው ታከሙ። ከሞጣው የደጀ ሰላም መዝገብ ግን አምስት ወለተ ማርያሞችና ሦስት ወለተ ሥላሴዎች ቀሩ። በጽሑፌ ውስጥ «ክትትል ያቋረጡ» አልኳቸው። ከጽሑፎቼ ሁሉ አብልጦ የተጠቀሰልኝም ይኸው ነው።

ሦስተኛ፣ ባለፈው ሳምንት ከስምንቱ አንዷ፣ ልጃቸው ዘንድ ቢቸና የመጡት፣ ደም እየፈሰሳቸው ሆስፒታል ገቡ። መጠሪያቸው ወይዘሮ ጥሩአየሁ ነው፤ በፈቃዳቸው ጻፍኩት። የሰጠኋቸውን ባለ ቁጥር ካርድ አራት ዓመት በመሐረብ ቋጥረው አስቀምጠዋል። ያኔ በግማሽ ቀን ሕክምና ይነሳ የነበረው አሁን ከዚያ አልፏል። ለምን እንደቆዩ ብጠይቃቸው «ካልጠራኸኝ ደህና ነኝ ብዬ ነዋ የተቀመጥኩ፤ የተማረ ሰው እያወቀ ዝም ይላል?» አሉኝ። ምስክርነቱን እንድትፈርምልኝ የለመንኳት አብሮ አደጌ ነርስ አስናቀችም «ምስክር ከፈለግህ አልጋ ቁጥር አራት ተኝተውልሃል፤ እሳቸውን አስፈርም» ብላ ወረቀቴን መለሰችልኝ።

አራተኛውን ቅሬታ በእናንተ ላይ ላደርገው አስቤ ነበር። በቅጻችሁ ሃያ ሁለት ጥያቄዎች ውስጥ «ውጤቱን ለባለቤቶቹ ነግረሃል ወይ?» የሚል የለም። ቢኖርም «አዎ» ብዬ እሞላው እንደነበር ስለማውቅ ትቼዋለሁ።

ገና ካልተሰጠኝ ማዕረግ ላይ ወርጄ እጅ በመንሳት፣

ሽታሁን ገብረ ሕይወት (ዶ/ር)
በአምስት አህጉር የተጠቀሰ፣ በሞጣ ማንንም ጠርቶ የማያገኝ

ማሳሰቢያ፦ ይህን የጻፍኩት አስናቀች የመለሰችልኝን ወረቀት ሌላ ቢሮ ማኅተም ለማስመታት ወረፋ ይዤ ነው። የሞጣው ደብር አስተዳዳሪ ነገ በማርያም ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሰባቱን የካርድ ቁጥሮች ለምእመናን ሊያነቡልኝ ፈቅደዋል። ለዚህ ሦስት ዓመት ያልደወልኩት ስልክ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚህ ሥራ የሚታተም ጽሑፍ ስለማይወጣ ኮሚቴው እንዳይከፋ አደራ። ከፊቴ አንድ ሰው ቀርቷል፤ የሞጣው ሚኒባስ ሊነሳ ነው። ወረፋዬን ከኋላዬ ላሉት ሴትዮ ለቅቄ ወጥቻለሁ።