ማንም ያላየው ሜዳ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ወልቂጤ ጠዋት መብራት አልነበረም። ሲመጣ የጨረቃውን መሬት ኮምፒውተር ላይ ከፈትን። ሙባሪክ ከሳተላይት ልኬት መሬቱን አስመስሎ ይሠራል፣ እኔ እዚያው ስክሪን ላይ መንኮራኩሯን ለሙከራ አሳርፍበታለሁ። ዛሬ አዲስ ማረፊያ መረጠ። ሰፊ፣ ደልዳላ፣ አንድ ጉድጓድ የለበትም። "ጀፎረ አይመስልም?" አለኝ። እውነትም ቸሃ ያለውን የመንደራችንን ሣር ሜዳ ይመስላል። ደጋግሜ አሳረፍኳት፤ አንዴም አልተገለበጠችም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር...

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
አልዋጥልኝ አለ። ዙሪያው ፈንጣጣ የበላው ፊት ነው፤ መሀሉ ብቻ ለምን አማረ? የእኛ ጀፎረ ሜዳ ሆኖ የቀረው ሰው ስለሚጠብቀው ነው። ጨረቃ ላይ ማን ጠበቀው? ሙባሪክ ደልድሎት ይሆን? ማክሰኞ ከአዲስ አበባ ሰዎች ይመጣሉ፤ ሥራውን ከወደዱት ሁለታችንም በቋሚነት እንቀጠራለን። ለዚህ ሲል...? ስገባ ስክሪኑን የቀየረ መሰለኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15
ሙባሪክ ጁምዓ ሲሄድ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። አፈርኩ፣ ግን ከፈትኩ። ዋናው ልኬት ላይ ቦታው ባዶ ነው። ጉድጓድም የለ፣ ሜዳም የለ። ቁጥር ራሱ የለም።
ሲመለስ ጠየቅኩት።
"ሲፈን፣ እቃዬን ከፈትሽ?"
"መልስልኝ።"
"ወላሂ አልደለደልኩም። ጥላ ስለሆነ ሳተላይቷ አላየችውም። ፕሮግራሙ ዳር ዳሩን አይቶ በግምት ሞላው። እኔም ትናንት ነው ያወቅኩት።"
ትናንት! ታዲያ ለምን ዝም አለ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 18
ለአለቃችን ለጋሽ ገሠሠ ነገርነው። "ማን ጨረቃ ድረስ ሄዶ ያጣራል?" ብሎ ሳቀ። እንዳለ ይቅረብ አለ። ሙባሪክ አልተከራከረም። ተስማምቶ ነው? ወይስ መጀመሪያም ተነጋግረዋል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19
እንግዶቹ ፊት ሙባሪክ ከፈተው። ሜዳው ጥቁር! ጠዋት ብቻውን ገብቶ ቀብቶታል፤ ለኔም ሳይነግረኝ። መንኮራኩሯ ማረፊያ ፍለጋ ዞረች፣ ዞረች... ነዳጇ አልቆ ተከሰከሰች። አንዷ እንግዳ "ጥቁሩ ምንድን ነው?" አለች።
"ያላየነው ነው" አለ ሙባሪክ።
ጋሽ ገሠሠ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እኔ ተናደድኩ። ኮራሁም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29
አልተቀጠርንም። ሙባሪክ ቡታጅራ ወንድሙ ሱቅ ሥራ ገብቷል። ዛሬ ሌላ የጨረቃ መሬት ላከልኝ፤ "ለራሳችን እንሥራው" ብሎ። ሦስት ቦታ ጥቁር ቀብቶታል። ሌላው በሙሉ ልኬት አለው ይላል።
ሳልፈትሽ መንኮራኩሯን አሳረፍኩ።